የሰዓሊው ቤት ደረጃ

የቅርስ ገምጋሚው ክሪሳንቶ ኢላጋን በማግሲኖ ቤት ደረጃ ግርጌ በደረቱ ተደፍቶ የተገኘው በግንቦት አንድ እሑድ፣ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ያገኙት የቤቱ አሮጊት ሎላ ሲያና ናቸው፤ ሎላ እኛ ዘንድ አያት ማለት ነው። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ለማርያም አበባ ሊበትኑ ቤተ ክርስቲያን ቆይተው፣ ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው ሲመለሱ በሩን ገፋ አደረጉት፤ በሩ የሰውየውን ጫማ ነክቶ ቆመ።

"ወድቆ ነው፣ አለቃ" አለኝ ሳጅን ቴዮ ገና ከመኪናው ሳልወርድ። "አሮጌ ቤት፣ ሰም የተቀባ ደረጃ፣ የከተማ ጫማ። አለቀ።"

ቴዮ ከእኔ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ቅን ሰው ነው፤ ከእራት በፊት የሚመጣ ሬሳ ሁሉ ግን አደጋ ቢሆንለት ይወዳል። መልስ ሳልሰጠው ሬሳው አጠገብ ተንበረከክሁ። ሰውየው የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎታል። ክርኖቹ ንጹሕ ናቸው። የሱሪውን እግር ከፍ አድርጌ ጉልበቱንና ቅልጥሙን አየሁ፤ አንዲት ጭረት የለችም።

"አሥራ አራት እርከን ተንከባሎ ክርኑ ያልተላጠ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

ቴዮ ቆቡን አወለቀ። "ይኼ እንግዲህ እራት የለም ማለት ነው።"

ቁስሉ አንድ ብቻ ነው፤ ከኋላ፣ ማጅራቱ ላይ፣ ቀጥ ያለ። ከበሩ ጀርባ ወፍራም የእንጨት የበር መወርወሪያ ተደግፎ ቆሟል። ነካሁት፤ እርጥብ ነው። ዝናብ ከጣለ ሦስት ሳምንት አልፎታል፣ በዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ እርጥብ ነገር አልነበረም። አንድ ሰው አጥቦ ወደ ቦታው መልሶታል።

ሟቹ ሥራውን የሚሠራው በጠመኔ ነበር። ከታች ጀምሮ በእያንዳንዱ እርከን ጎን ላይ ቁጥር ጽፏል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ አሥራ አራት። ላይኛው ወለል ላይ፣ እርከን በሌለበት ቦታ፣ "አሥራ አምስት?" ብሎ ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። የማስታወሻ ደብተሩን ገለጥሁ። "መስኮቶች" የሚል ገጽ አለ፣ "ጣሪያ" የሚል ገጽ አለ፤ በመካከላቸው የነበረው ገጽ ተቀዷል። ከቦርሳው ኪስ ውስጥ የአንድ ሥዕል ቅጂ አገኘሁ፤ በእርሳስ የተሣለች ሴት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ታጸዳለች። ጥግ ላይ "ዳሚያን፣ 12 ዓመት" ይላል።

"አለቃ!" ብሎ ጠራኝ ቴዮ ከላይ። "እዚህ ጋ አንድ ሰው እግሩን አልታጠበም።"

ሎላ ሲያና ያን ቀን ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ወለሉን በኮኮናት ቅርፊት ፈትገው ወልውለውታል። በዚያ በሚያብረቀርቅ ወለል ላይ አምስት ጥቁር ነጠብጣቦች ነበሩ፤ የባዶ እግር ጣቶች። አሸተትሁት፤ ሬንጅ ነው። ዋናው መንገድ ለማርያም በዓል ሰልፍ ይድረስ ተብሎ የተነጠፈው ዓርብ ዕለት ነበር፤ በዚያ ፀሐይ ገና አልደረቀም።

ሎላ ሲያና ማድ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ የሰዓሊው የዳሚያን ማግሲኖ ታናሽ እህት ናቸው። ዳሚያን ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ሥዕሎቹ ማኒላ ውስጥ በመስታወት ተከልለው ይታያሉ፤ እሳቸው ግን ሁለቱም በተወለዱበት ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ።

"ውሃ ጠጥተዋል፣ ሎላ?"

"እኔን ውሃ ምን ያደርግልኛል። ለእሱ ካላማንሲ ሎሚ ጨምቄለት ነበር፤ ይኸው፣ አልነካውም።" ብርጭቆውን አሳዩኝ። ጉንዳን ገብቶበታል።

"ሥራው ምን ነበር?"

"መቁጠር። መስኮት ይቆጥራል፣ ምስማር ይቆጥራል። ትንሽ ቢቆይ የእኔንም ጥርስ ይቆጥር ነበር፤ ቶሎ ይጨርስ ነበር።" ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። "ጥሩ ሰው ነበር፣ ልጄ። ሲገባ ጫማውን ጠርጎ ነው የሚገባው።"

የቤቱ ጉዳይ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በወረቀት ላይ ባለቤቱ የወንድማቸው ልጅ ኤርዊን ነው። ገምጋሚው ቤቱ የሰዓሊው ትክክለኛ የልጅነት ቤት ነው፣ ሳይለወጥ ቆይቷል ብሎ ከፈረመ ቅርስ ይሆናል፤ ማንም አይነካውም፣ ሎላም እስከ ዕለተ ሞታቸው ይኖሩበታል። ካልፈረመ ኤርዊን በሰኔ መጨረሻ አፍርሶ የነዳጅ ማደያ ይሠራበታል።

"ትናንት ቅዳሜ ምን ጠየቀዎት?"

"ስለ ዳሚያን። ስለ እናቴ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም" አሉ። ቶሎ ነበር ያሉት፤ ሎላ ሲያና ደግሞ ምንም ነገር ቶሎ የሚሉ ሰው አይደሉም።

ኤርዊንን በማግሥቱ ጠዋት ጎማ ቤቱ አገኘሁት። ልጅ ሆኖ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው ያደገው።

"አቴ ሌቲ" አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፤ ታላቅ እህት ብሎ የሚጠራኝ ሲፈራ ብቻ ነው። "አንዱን ገምጋሚ ብገድል ሌላ ይልኩ የለ? ምን አተርፋለሁ?"

"ሌላው እስኪመጣ ታፈርሰዋለህ።"

ይኼኛውን አላሰበበትም መሰለኝ። "እሑድ ከሰዓት የዶሮ ግጥሚያ ላይ ነበርሁ!"

"ማን አየህ?"

"እኔን ተዪኝ፣ ዶሮዬን ጠይቂ። ሲሸነፍ ሁለት መቶ ሰው አይቶታል። በሁለት ደቂቃ! አሥር ወር ቀልቤው፣ በሁለት ደቂቃ!"

ቴዮ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "እውነቱን ነው፣ አለቃ። ቀዩ ዶሮ አሳፋሪ ነበር... ሲባል ሰምቻለሁ።"

ከማን እንደ ሰማ አልጠየቅሁትም።

የሟቹ ስልክ እሑድ ቀትር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ደውሏል፤ ለዶክተር ሴቬሪኖ ካሪንጋል። ካሪንጋል የጥርስ ሐኪም ነው፣ የከተማችን የቅርስ ማኅበር ሊቀመንበርም ነው። ማግሲኖ ቤት ቅርስ ይሁን ብሎ ስምንት ዓመት የለፋ ሰው እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ቤቱን ያሳደሰውም የእሱ ማኅበር ነው። ክሊኒኩ ስንገባ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

"ስምንት ዓመት፣ ኢንስፔክተር" አለኝ። "ፊርማው ሊገኝ ሲል። አሁን እንደ ገና ከዜሮ ልንጀምር ነው። እኚያ አሮጊትስ ምን ይሁኑ?"

"ቀትር ላይ ምን ብሎ ደወለልዎት?"

"ቤቱን ወደድሁት አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።"

"ከአሥር ሰዓት በኋላ የት ነበሩ?"

"የት እሆናለሁ፣ ከማርያም ሥር። ሐውልቷን ተሸክሜ ከተማውን ዞርሁ። ስእለት አለብኝ፤ በየዓመቱ እሸከማለሁ። ካህኑም ያውቃሉ።"

ካህኑን ጠየቅሁ። አሥር ሰዓት ላይ ሰልፉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ካሪንጋል ከፊት በቀኝ ነበር፤ አሥራ አንድ ተኩል ሲመለስም ከፊት በቀኝ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ገምጋሚው እንዳይሞት ከማንም በላይ የሚፈልገውም እሱ ነበር። ስሙን ሰረዝሁት። በዚህ ስህተቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ቀጥሎ ጎረቤቶች ማንግ ኡርባኖን ሰጡን። ማንግ ኡርባኖ፣ ጋሼ ኡርባኖ እንደ ማለት ነው፣ የስልሳ ሰባት ዓመት አናጢ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ገምጋሚው ግቢያቸው ድረስ ሄዶ አንድ ነገር ጠይቋቸው፣ "ውጣልኝ! ከግቢዬ ውጣልኝ!" ብለው ሲጮኹበት ሦስት ቤት ሰምቷል። እሑድ የት ነበሩ ስንላቸው ታምሜ ተኝቼ ነበር አሉ፤ ሚስታቸው ደግሞ ከሰዓቱን ሙሉ ጀልባ ሲጠግን ነበር አሉ። ቴዮ ደስ አለው።

"ምን ጠየቀዎት፣ ማንግ ኡርባኖ?"

መዶሻቸውን አንሥተው ምስማር መምታት ጀመሩ።

"ሰውየው ሞቷል። ዝም ካሉ የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት።"

"እሰሩኝ" አሉ። "እስር ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በሩ ጥሩ ነው።"

ጥፋት የሠራ ሰው የሠራበት ቦታ ሲደርስ ይናገራል ብዬ ወደ ማግሲኖ ቤት ወሰድኋቸው። ሎላ ሲያና ጎረቤት ነበሩ። አናጢው ደረጃው ሥር ሲደርሱ ማንም ሳያዛቸው መውጣት ጀመሩ፤ በየእርከኑ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። እኛ ዘንድ ሁሉም ሰው እንደዚያ ያደርጋል። እኔም ሳላስበው አብሬያቸው ቆጠርሁ፤ ወርቅ፣ ብር፣ ሞት፤ ወርቅ፣ ብር፣ ሞት። የመጨረሻው እርከን ብር ላይ አረፈ። አሥራ አራት፤ ደህና ደረጃ ነው። በሞት የሚያልቅ ደረጃ የሚሠራ አናጢ በአገሩ የለም፤ ቢሠራም ማንም አይከፍለውም።

የልጁን ሥዕል ከፋይሉ አወጣሁና እርከኖቹን ቆጠርሁ። አሥራ አምስት። ትናንትም ቆጥሬው ነበር፤ የልጅ ስህተት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

"ዳሚያን በልጅነቱ መቁጠር አይችልም ነበር?" አልኋቸው።

ማንግ ኡርባኖ ተቆጡ። "ዳሚያን? ዳሚያን ጥፍር ሲሥል እንኳ አይሳሳትም! አባቱ ናቸው እብዱ። በቄሶችም በአናጢዎችም ማሾፍ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ አሥራ አምስት አድርገህ ሥራ ብለው አያቴን አስገድደው..." አፋቸውን ያዙ። ግን አምልጧል።

ቁጭ አሉ። የእርከኑን ጠርዝ በመዳፋቸው ዳሰሱ።

"ይኼን ደረጃ የሠራሁት እኔ ነኝ" አሉ በመጨረሻ። "ከሦስት ዓመት በፊት፣ በእድሳቱ ጊዜ። ዶክተሩ አሮጌውን ምስጥ በልቶታል፣ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሥራልኝ፣ ለማንም አትናገር፣ ከተሰማ ቤቱ ቅርስ አይሆንም አለኝ። ምስጥ አልበላውም ነበር፤ እንደዚያ ያለ እንጨት ምስጥ አይደፍረውም። ግን ስለ ሲያና ብዬ ዝም አልሁ።"

"ቁርጥ እሱን ካስመሰሉት ለምን አሥራ አራት ሆነ?"

"እንዴት አሥራ አምስት ላድርገው?" አሉኝ፣ ከእኔ የባሰ ተገርመው። "እኔ በእጄ ቸንክሬ አሮጊት ሴት በየቀኑ ሞት ላይ ትርገጥ? አባታቸው የፈለጉትን ያድርጉ። እያንዳንዱን እርከን አንድ ጣት ከፍ አደረግሁና አንዱን አስቀረሁ። ዶክተሩ አልቆጠረም። ማንም አይቆጥርም ብዬ ነበር። እሑድም ታምሜ ነበር ያልኋችሁ እንዳትጠይቁኝ ፈርቼ ነው፤ ጀልባ ስጠግን ነበርሁ።"

ገምጋሚው ቆጠረ። ቅዳሜ ዕለት አናጢውን "እርስዎ ነዎት የሠሩት?" ብሎ ጠይቆ ተባረረ፤ እሑድ ቀትር ላይ ደግሞ ለዶክተሩ ደወለ። "ቤቱን ወደድሁት" ለማለት አልነበረም።

"አፈ ቅቤ ሆደ ጩቤ" አለ ቴዮ ስንወጣ። "ግን አለቃ፣ ሐውልት ተሸክሞ እንዴት ሰው ይገድላል?"

እኔም የተያዝሁት እዚያው ላይ ነበር። ማርያምን የሚሸከሙት ጫማ አያደርጉም፤ ስለዚህ ሬንጁ ከመጣበት ደረስሁ። ችግሩ ተሸካሚዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው፣ አሥራ ሁለቱም እግራቸው ጥቁር ነው። አንድ በአንድ አስጠራኋቸው። ሰባተኛው ዓሣ ሻጩ ቤንሆ ነበር።

"አንተ የት ነበርህ?"

"ከኋላ በግራ። ከዚያ ማግሲኖ ቤት ጥግ ላይ ስንደርስ ከፊት በቀኝ ገባሁ።"

"ከፊት በቀኝ የዶክተሩ ቦታ አይደለም?"

"ጥግ ላይ ስንደርስ ትከሻ እንቀያየራለን። ዶክተር ወገቤን አለና ለእኔ ሰጠኝ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርስ መልሶ ተቀበለኝ። ለፎቶው ነው ብዬ አልተቀየምሁም።"

ከጥጉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሰልፉ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። መንገዱ ሙሉ ሰው ዓይኑን ማርያም ላይ ተክሎ ሳለ የማግሲኖን ጓሮ በር ማን ያያል።

ዶክተር ካሪንጋል ሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ አለው። ማክሰኞ ከቀትር በፊት፣ ምስጥ ያልበላው የድሮ ደረጃ የት እንደ ገባ ለማየት ሄድን። ወደ ሰገነቱ የሚያወጣው ደረጃ ጥቁር፣ ሰፊ፣ መካከሉ በእግር ብዛት የጎደጎደ ነበር። ወጣሁት። ሞት ላይ ጨረስሁ።

"ከሌላ ክፍለ ሀገር፣ ከፈረሰ ቤት የገዛሁት ነው" አለ ካሪንጋል። ድምፁ አልተናወጠም። "አሮጌ ደረጃ በየቦታው አለ፣ ኢንስፔክተር።"

"በሞት የሚያልቅስ?"

"አጋጣሚ ነው። ያ አናጢ የሚልዎትን ሁሉ አይመኑ፤ ራሱን ለማዳን ነው።"

ይኼን ሲል ፍርድ ቤት እንደሚያዋጣው ገባኝ፤ ጠበቃውም ይህንኑ ነው የሚለው። ሬንጁ የአሥራ ሁለት ሰው ነው፣ አናጢው ራሱ ተጠርጣሪ ነበር፣ ሥዕሉን የሣለው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ይህ ደረጃ ከማግሲኖ ቤት እንደ ወጣ ካላረጋገጥሁ ካሪንጋል ለመግደል ምክንያት አይኖረውም። ጎንበስ ብዬ እያንዳንዱን እርከን አየሁ። ከታች ሰባተኛው ላይ አንድ ነገር አገኘሁ፤ ቴዮን ብቻ አሳየሁትና ዝም አልን።

ያንን ደረጃ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ በሕይወት አለ።

ሎላ ሲያና በመስኮቱ በኩል ልብስ ያጣጥፉ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። መዘዙን ደብቄ ማስፈረም እችል ነበር፤ አላደረግሁትም፣ ግን አልዋሽም፣ አስቤው ነበር።

"ሎላ፣ የድሮው ደረጃ የት እንዳለ የማውቅ ይመስለኛል። የራስዎ መሆኑን ሳያዩት የሚነግሩኝ ምልክት ካለ ሰውየውን አስረዋለሁ። ነገር ግን ከነገሩኝ ቤቱ ተለውጧል ማለት ነው፤ በመዝገብም ይገባል። አዲስ ገምጋሚ ቢመጣም..."

"አይፈርምም" አሉ። "አውቃለሁ፣ ልጄ። እርጅና ጆሮዬን ወሰደ እንጂ ጭንቅላቴን ተወልኝ።"

ያጠፉትን ጨርቅ ፈትተው እንደ ገና አጠፉት።

"በእድሳቱ ጊዜ ዶክተሩ ዘመዶቼ ጋ ላከኝ፤ ሦስት ሳምንት። ስመለስ መጀመሪያ እርከን ላይ ነው ጉልበቴ ያወቀው። ሰማንያ ዓመት የወጣሁትን! ግን ብናገር ኤርዊን ያፈርሰዋል ብዬ ዋጥሁት። ቅዳሜ ዕለት ያ ሰውዬ እዚህ፣ አንቺ የተቀመጥሽበት ተቀምጦ፣ 'ሎላ፣ ደረጃው ድሮም አሥራ አራት ነበር?' አለኝ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ 'አዎ' አልሁት። 'እርግጠኛ ካልሆንህ ዶክተሩን ጠይቅ' ብዬ የላክሁትም እኔ ነኝ።" እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። "እውነቱን ብነግረው የትም አይሄድም ነበር። እኔ ነኝ የላክሁት።"

"የገደለው እርስዎ አይደሉም፣ ሎላ።"

"እሱን ለሚስቱ ንገሪያት።" አፍንጫቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "ሰባተኛው ላይ ቃጠሎ አለ፤ ከታች ስትቆጥሪ፣ በግድግዳው በኩል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የከሰል ካውያ ጣልሁበት። የካውያው አፍንጫ ቅርጽ ቀርቷል። ዳሚያን እኔ ነኝ ብሎ ተገረፈልኝ።"

ሰባተኛው ላይ ያገኘሁት እሱን ነው፤ ሹል አፍንጫ ያለው ጥቁር ቃጠሎ፣ በግድግዳው በኩል። ቴዮ ቆቡን አውልቆ ወደ ውጭ ወጣ።

የምስክርነት ቅጹን አወጣሁ።

"ሙሉ ስም?"

"ፌሊሲያና ማግሲኖ።"

"ዕድሜ?"

"ሰማንያ አራት።"

የተናገሩትን ሁሉ ጻፍሁና አነበብሁላቸው። ጽፌው ከነበረው አንዲት ቃል አሳረሙኝ፤ "መሰለኝ" የሚለውን አውጥተው "አውቃለሁ" አስባሉኝ። አንድ ቦታ ባዶ ቀረ።

"አድራሻ?"

ሎላ ሲያና ቅጹ ላይ ጎንበስ አሉ። "የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲመጣ በዚያ ነው የሚፈልጉኝ?"

"አዎ፣ ሎላ።"

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"ስድስት ወር፣ ዓመትም ሊሆን ይችላል።"

ብዕሩን ከእጄ ወሰዱና ስማቸው የሚፈረምበትን መስመር በጣታቸው ፈለጉ።

"እንግዲያው የዛሬውን ጻፊ" አሉኝ እየፈረሙ። "የዚያን ጊዜውን እኔም አላውቀውም።"